ሌላውን በማንሣት መነሣት፤ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሕይወት የምንማረው

ሰው ሁሉ ከፍ ማለትን ይወዳል። ይህ ምኞት ከተፈጥሮው ጋራ የተሰጠው ስለ ሆነ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሚመጣው ከመንገዱ ነው። አንዱ ከፍ ለማለት የባልንጀራውን ትከሻ ይረግጣል፤ ሌላው ደግሞ ባልንጀራውን በትከሻው ይሸከማል። የፊተኛው ለጊዜው የደረሰ ይመስላል፤ ነገር ግን የረገጠው ትከሻ በተንቀሳቀሰ ጊዜ ይወድቃል። የኋለኛው ለጊዜው የጐበጠ ይመስላል፤ ነገር ግን የተሸከማቸው ሰዎች እግራቸው በጸና ቀን እርሱን የሚደግፉት እነርሱ ናቸው። ጌታችንም በደቀ መዛሙርቱ መካከል ማን ይበልጣል የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ መንገዱን አሳያቸው፤ ታላቅነትን በማገልገል እንዲፈልጉት አዘዛቸው።

ይህን ትምህርት በቃል ከመተንተን ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ተገልጦ ማየት ለልብ ይቀርባል። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያ ጳጳስ፥ ሐምሌ 26 ቀን በስንክሳር የምንዘክረው አባታችን ፍሬምናጦስ፥ በኋላ ስሙ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ ወደ አክሱም የገባው በሹመት ሳይሆን በምርኮ ነበረ። ከምርኮኛነት ወደ ጵጵስና የወጣበትን ደረጃ ብንመረምር ግን ለራሱ ብሎ የሠራው አንድም እርከን አናገኝበትም፤ እርከኑ ሁሉ ለሌሎች የተሠራ ነበረ። ታሪኩን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ዳሩ ግን የለመድነውን ነገር ቆም ብለን ስናየው ያላስተዋልነው ምክር ይገኝበታል።

ይህን ታሪክ ከጥንት ጸሐፊዎች መካከል በመጽሐፍ ያኖረልን በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ሩፊኖስ ነው። ሩፊኖስም ነገሩን የጻፈው በአየር የሚዞር ወሬ ለቅሞ አይደለም፤ ከፍሬምናጦስ ጋራ ከተማረከው ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማ ይመሰክራል። ይህ ኤዴስዮስ በእኛ አባቶች ዘንድ ሲድራኮስ ተብሎ የሚጠራው ነው።

ጢሮስ በዛሬዪቱ ሊባኖስ በባሕር ዳር ያለች፥ በነጋዴዎቿና በመርከበኞቿ ብዛት በቅዱሳት መጻሕፍት ሳይቀር የታወቀች ጥንታዊት ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ነበረ። እርሱም ከእርሱ በፊት አንድ ሌላ ፈላስፋ ሩቅ አገር ተጕዞ እንደ ተመለሰ በሰማ ጊዜ ያንኑ ለማድረግ ወደደ፤ የሥጋ ዘመዶቹ የሆኑትንና ጥበብ የሚያስተምራቸውንም ሁለት ብላቴኖች፥ ፍሬምናጦስንና ታናሹን ኤዴስዮስን አስከትሎ ሄደ። አገሩን አይቶ ሲመለስ መርከቢቱ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋች። በዚያን ሰሞን በአገሩ ሰዎችና በሮማውያን መካከል የነበረው የሰላም ውል ፈርሶ ነበርና የወደቡ ሰዎች አደጋ ጥለው ፈላስፋውንና በመርከቢቱ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ብላቴኖች ግን በዚያች ሰዓት ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበረ። ገዳዮቹም እንደዚህ ሆነው ባገኟቸው ጊዜ ስለ ልጅነታቸው ራሩላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

አንባቢ ሆይ፥ የእነዚህን ልጆች ልብ ለጥቂት ጊዜ አስብ። መምህራቸውና ዘመዳቸው በፊታቸው ተገድሏል፤ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፥ ደሙን ባፈሰሰው ሕዝብ መካከል፥ ያለ አባትና ያለ እናት ቀርተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘው ሰው ቂም ቢይዝና የተሰጠውን ሥራ በግድ እንጂ በፈቃዱ ባይሠራ ማን ይፈርድበታል? ወይም ለነፍሱ ብቻ እያሰበ የሚያመልጥባትን ቀን ቢጠብቅ ማን ይደነቃል? የፍሬምናጦስ ታላቅነት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወንድሞቹ የሸጡት ዮሴፍ በግብፅ እስር ቤት የሌሎችን እስረኞች ፊት አይቶ ዛሬ ስለ ምን አዘናችሁ ብሎ እንደ ጠየቀ፥ ይህም ብላቴና የራሱን ኀዘን በሌሎች አገልግሎት ውስጥ ቀበረው።

ንጉሡ የልጆቹን ጠባይ ከመረመረ በኋላ ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊው አደረገው፤ ፍሬምናጦስን ግን አእምሮው የተሳለ መሆኑን ስላየ የመንግሥቱን ሒሳብና ደብዳቤ በእጁ አኖረለት። በስንክሳራችንም የአክሱም ጸሐፊና ሕግ ጠባቂ ሆኖ እንደ ተሾመ ተጽፏል። ይህ ሥራ ቀላል አልነበረም። አክሱም በዚያ ዘመን ከቀይ ባሕር ወደብ ከአዱሊስ ጋራ ተያይዛ የዝሆን ጥርስና ሌላም ሸቀጥ ወደ ሮም ግዛትና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የምትልክ፥ በስሟ የወርቅ ገንዘብ የምትቀርጽ መንግሥት ነበረች። የዚህ ሁሉ ሒሳብ ያለበት ሰው ሊሰርቅ ቢወድ መንገድ አያጣም፤ ሊበድል ቢወድም ብዕሩ ይበቃዋል። ፍሬምናጦስ ግን በታማኝነቱ በንጉሡ ዘንድ ክብርንና ፍቅርን አገኘ።

ከጥቂት ዘመን በኋላ ንጉሡ ሞተ። ከመሞቱ አስቀድሞ ለሁለቱ ምርኮኞች ወደ ወደዱት እንዲሄዱ አርነት ሰጣቸው። ነገር ግን ንጉሡ ትቷት የሄደው ንግሥት ገና ያልጐለመሰ ልጅ ይዛ ነበረ። የሕፃን መንግሥት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ታሪክ ያውቃል፤ ዘውዱን የሚመኝ ብዙ፥ ሕፃኑን የሚጠብቅ ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ንግሥቲቱ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ የመንግሥቱን ጭንቀት ከእርሷ ጋራ እንዲካፈሉ ሁለቱን፥ ይልቁንም ፍሬምናጦስን፥ በብርቱ ልመና ለመነቻቸው። በመንግሥቱ ውስጥ ከእነርሱ የታመነ ሰው አላገኘችም ነበርና።

ከፍሬምናጦስ ሕይወት የመጀመሪያው ታላቅ ምርጫ ይህ ነው። በሩ ተከፍቶለታል፤ መርከብም ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ የናፈቀው አገር ከባሕር ማዶ ይጠብቀዋል። እንዲቀር የሚያስገድደው ውልም ሕግም የለም። በዚያ ላይ እንዲያሳድገው የተለመነው ሕፃን የመምህሩ ደም በፈሰሰበት አገር ሊነግሥ ያለ ልጅ ነው። እርሱ ግን ቀረ። ምርኮኛው የማራኪዎቹን ልጅ ጠባቂ ሆነ። ቀድሞ የተቀመጠው ተገዶ ነበረ፤ አሁን ግን በፈቃዱ ነው። ከዚህች ቀን በኋላ በአክሱም የሠራው ሥራ ሁሉ የባሪያ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የአባት ሥራ ሆነ።

የመንግሥቱ መሪ በእጁ በገባ ጊዜ ፍሬምናጦስ ያደረገውን ማስተዋል ይገባል። ሩፊኖስ እንደሚነግረን ለንግድ ወደ አገሩ ከሚመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን በጥንቃቄ ይፈልግ ጀመረ። ባገኛቸውም ጊዜ ሥልጣን ሰጣቸው፤ በየቦታው ተሰብስበው የሚጸልዩበትን ስፍራ እንዲያቆሙ መከራቸው። መክሮ ብቻ አልተወም፤ የሚሠሩበትን መሬት ሰጠ፤ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ አቀረበ፤ በቸርነቱም ሌሎችን አበረታታ። እነዚህ ነጋዴዎች በባዕድ አገር ተበታትነው የሚኖሩ፥ ካህን የሌላቸው፥ አንዱ ሌላውን የማያውቅ ሰዎች ነበሩ። እርሱ አንዱን ለሌላው አስተዋወቀ፤ የተበተነውን ሰበሰበ፤ የፈራውን አደፋፈረ። ባለ ሥልጣን ሆኖ ሳለ የራሱን ቤት ከመሥራት ይልቅ ሰዎች የሚጸልዩበትን ቤት ሠራ። የክርስትና ዘር በአክሱም መሬት ላይ በስፋት የተዘራው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ሕፃኑም አደገ። ይህ ሕፃን በታሪክ ዔዛና ተብሎ የሚታወቀው፥ በድንጋይ ጽሑፎቹም ራሱን የእለ ዓሚዳ ልጅ ብሎ የሚጠራው ንጉሥ ነው። ለሌላው ሞግዚት ሆኖ የገዛ ሰው የሚፈተንበት ሰዓት ይህ ነው። ብዙዎች ጠባቂ ሆነው ገብተው ባለቤት ሆነው ቀርተዋል፤ የሕፃኑን ዕድሜ እንደ ምክንያት እየጠቀሱ፥ ገና ነው፥ አልበሰለም እያሉ፥ የጐለመሰውን ሰው ሕፃን ያደርጉታል። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ግን የተቀበሉትን አደራ ሁሉ ሳያጐድሉ ለባለቤቱ አስረከቡ። ንግሥቲቱና ወጣቱ ንጉሥ እንዲቀሩ አጥብቀው ቢለምኗቸውም ስንብት ጠይቀው ሄዱ። ፍሬምናጦስ ሰውን የሚያሳድገው በእጁ ሊይዘው ሳይሆን በእግሩ ሊያቆመው ነበረ። ልጁ በእግሩ በቆመ ጊዜ የእርሱ እጅ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ መንገድ ተለየ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ቸኰለ። ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ እናትና አባትን መናፈቅ የተገባ ነው። በኋላም በጢሮስ ቄስ ሆኖ አገለገለ፤ ይህንንም ታሪክ ለእኛ ያተረፈልን እርሱ ነው። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ አቀና። የእግዚአብሔርን ሥራ ተሰውሮ እንዲቀር ማድረግ ተገቢ አይደለም ብሎ አስቦ ነበርና። ከአገሩና ከዘመዶቹ ይልቅ በአክሱም ያለ ካህን የተዋቸው ምእመናን በልቡ ከበዱ።

በእስክንድርያ በመንበረ ማርቆስ ላይ የተቀመጠው ታላቁ አትናቴዎስ ነበረ። አትናቴዎስ በኒቅያ ጉባኤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ325 ዓመት በዲያቆንነት ከሊቀ ጳጳሱ ከእለእስክንድሮስ ጋራ የተገኘ፥ በ328 ዓመትም ለመንበሩ የተመረጠ ነው። ፍሬምናጦስ ወደ እርሱ ገብቶ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገረው። ስለ ራሱ ግን ምንም አልጠየቀም። የጠየቀው በባዕድ አገር የተሰበሰቡት ብዙ ክርስቲያኖችና የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት የሚገባ ጳጳስ እንዲላክላቸው ነበረ። አትናቴዎስም የካህናቱን ጉባኤ ሰብስቦ ነገሩን በጥንቃቄ ከመዘነ በኋላ፥ ዮሴፍ በፈርዖን ፊት ብልህ ሰው ፈልግ ብሎ በመከረ ጊዜ የተፈለገው ሰው እርሱ ራሱ ሆኖ እንደ ተገኘ፥ ለዚህ ሥራ ከፍሬምናጦስ የሚሻል የእግዚአብሔር መንፈስ ያደረበት ሰው ከወዴት ይገኛል ብሎ ፈረደ። ጵጵስናን ሾሞም ወደ መጣበት አገር መለሰው።

ወንድሞች ሆይ፥ የነገሩ ሁሉ ማሠሪያ ይህች ሰዓት ናት። ለሌሎች እረኛ ሊለምን የመጣው ሰው እረኛ ሆኖ ተመለሰ። ጵጵስናን ለራሱ ሊጠይቅ መጥቶ ቢሆን ኖሮ አትናቴዎስ ምናልባት ይመረምረው፥ ይጠራጠረውም ነበረ። ለሹመት የመጣ ሰው ስለ ራሱ ይናገራልና፤ ስለ ራሱ የሚናገር ሰው ደግሞ ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል። ፍሬምናጦስ ግን ስለ ሌሎች ሲናገር ሳያውቀው የራሱን ምስክርነት ሰጠ። በአክሱም የተሠሩት የጸሎት ቤቶች፥ የተሰበሰቡት ምእመናን፥ በታማኝነት ተረክቦ በታማኝነት የመለሰው መንግሥት፥ ከባሕር ማዶ ሆነው መሰከሩለት።

ወደ አክሱም በተመለሰ ጊዜ በሩን የከፈተለት ቀድሞ ያሳደገው ብላቴና ነበረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ድንጋዩና ገንዘቡ ይናገራሉ። የዔዛና የቀድሞዎቹ ሳንቲሞች ክብ ፀሐይና የጨረቃ ማጭድ ተቀርጾባቸዋል፤ በኋለኞቹ ላይ ግን መስቀል ተተክቷል። በፊተኞቹ የድንጋይ ጽሑፎች ንጉሡ ራሱን የማኅረም ልጅ ብሎ የሚጠራ ሲሆን፥ በኋለኛው የግእዝ ጽሑፍ ድሉን የሚሰጠው ለሰማይ ጌታ ነው፤ በአንድ የግሪክኛ ጽሑፉም በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይናገራል። ደግሞም በዚያው ዘመን የግእዝ ፊደል ሳድስና ሳብዕ፥ ካዕብና ሣልስ እየተለየ በድንጋይ ላይ ሲጻፍ እናያለን። ይህን ሥራ ሊቃውንቶቻችን በትውፊት ለአባ ሰላማ ይሰጡታል። ፊደል በድምፁ ሲለይ መጽሐፍን ማንበብ ለጥቂት ዐዋቂዎች ብቻ የተወሰነ መሆኑ ይቀርና ለሚማር ሕፃን ሁሉ ይቀርባል። ሕዝቡም አባ ሰላማ፥ ከሣቴ ብርሃን ብሎ የጠራው ስለዚህ ነው፤ የሰላም አባት፥ ብርሃንን የገለጠ ማለት ነው። ይህን ስም ለራሱ አላወጣውም፤ ያወጡለት ብርሃኑን ያዩት ናቸው።

የመጨረሻው ፈተና ግን ገና አልመጣም ነበረ። የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጅ ቈስጠንጥዮስ የአርዮስን ወገኖች ይደግፍ ስለ ነበረ አትናቴዎስን አሳደደው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ356 ዓመት ወታደሮች አትናቴዎስ በነበረበት ቤተ ክርስቲያን ላይ በሌሊት አደጋ ጣሉ፤ እርሱም አምልጦ በግብፅ በረሃ በመነኰሳት መካከል ተሸሸገ። በመንበሩ ላይም ጊዮርጊስ የሚባል አርዮሳዊ ተቀመጠበት። በዚያው ሰሞን ቈስጠንጥዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለዔዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ፍሬምናጦስ በጊዮርጊስና በባልንጀሮቹ ፊት ቀርቦ ስለ ሃይማኖቱ እንዲመረመር በፍጥነት ወደ እስክንድርያ ይላክ የሚል ነበረ፤ ከአትናቴዎስ የተቀበለው ሹመት የተበላሸ እንደ ሆነ ይከስሳል፤ አክሱማውያንንም እንዳያስታቸው ያስፈራራል። ይህን ደብዳቤ ጠብቆ ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው፤ ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው መከላከያ ውስጥ አስገብቶታልና።

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከተራ ሰው አይደለም፤ የሮምን ግዛት በሙሉ ከሚገዛ ንጉሠ ነገሥት ነው። የአክሱም ንግድ አብዛኛው ከዚያው ግዛት ጋራ ነበረ። አንድን ጳጳስ፥ ያውም በትውልዱ የጢሮስ ሰው የሆነውን፥ አሳልፎ ሰጥቶ የኀያሉን ንጉሥ ወዳጅነት መግዛት ለምድራዊ ፖለቲካ ቀላል ስሌት ይመስል ነበረ። ፍሬምናጦስ በዚያች ቀን ጭፍራም ወገንም አልነበረውም። የነበሩት ያሳደጋቸው ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነርሱም በቁ። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን የአርዮስን ትምህርት አልተቀበለችም፤ በኒቅያ ሃይማኖት እንደ ጸናች ለልጆቿ አስረከበች። ቀድሞ ምርኮኛው ሕፃኑን ንጉሥ ከአደጋ ጠበቀ፤ በኋላ ንጉሡ የመምህሩን ሃይማኖት ጠበቀ። የተሸከመው ትከሻ ተሸካሚ ሆነለት።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ሌላውን መርዳት ለራስ እንዲህ የሚጠቅም ከሆነ ይህ ከንግድ በምን ይለያል ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ይህን አድርግልሃለሁ፥ ነገ ያን ታደርግልኛለህ የሚል ሰው በእውነት ነጋዴ ነው፤ ወረቱም ቶሎ ያልቃል። የፍሬምናጦስን ሥራ ከዚህ የሚለዩት ሦስት ምልክቶች አሉ። አንደኛው፥ ሊከፍሉት የማይችሉትን መርዳቱ ነው፤ መበለቲቱና ሕፃኑ፥ በባዕድ አገር የተበተኑትም ክርስቲያኖች ብድር የሚመልሱ አልነበሩም። ሁለተኛው፥ በጊዜው መልቀቁ ነው፤ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ዋጋውን ሳይቀበል አይሄድምና። ሦስተኛው፥ ለሥራው ከራሱ የተሻለ ሰው መፈለጉ ነው፤ በራሱ እጅ የተተከለውን ሌላ ሰው ያጠጣው ዘንድ ለመነ። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ዋጋ ቢመጣ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ባይመጣም ሥራው ሳይጐድል ይቀራል።

ይህ ነገር ለእኛ ለካህናትና ለመምህራን ቅርብ ነው። በንባብ ቤት ያደግን ሁላችን እንደምናውቀው፥ ቀድሞ የተማረው ልጅ ለኋለኛው ፊደል ያስቆጥራል፤ ያስቆጠረውም ልጅ ከሁሉ ይልቅ ፊደሉን የሚያጸና ይሆናል። ከመምህሩ ሰምቶ ለራሱ ብቻ የሚይዝ ተማሪ ትምህርቱ ይረሳዋል፤ ለባልንጀራው የሚያስረዳ ግን ሁለት ጊዜ ይማራል። እንዲሁም የቅኔ መምህር ታላቅነት የሚታወቀው በጉባኤው በተቀመጡት ተማሪዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን ከጉባኤው ወጥተው በየአገሩ ጉባኤ በዘረጉት ነው። ነገር ግን በመካከላችን ተማሪው እንዳይበልጠው ምሥጢር የሚደብቅ መምህር፥ ረዳቱ እንዳይታወቅ ሥራውን በራሱ ስም የሚያስነግር አለቃ፥ ምክትሉ እንዳይለምደው ሁሉን በጁ የሚይዝ ሹም የለም ማለት አንችልም። እንዲህ ያለው ሰው መንበሩን የጠበቀ ይመስለዋል፤ እርሱ ባለፈ ቀን ግን ሥራው አብሮት ይቀበራል፤ የሚያነሣለትም ደቀ መዝሙር አይገኝም።

ለምእመናንም እንዲሁ ነው። ነጋዴው የጎረቤቱ ሱቅ ሲዘጋ ደስ ቢለው ገበያው ሲጠፋ እርሱም እንደሚጠፋ ይወቅ። የሥራ አለቃ የሆነ ሰው አዲስ የገባውን ወጣት በቅንነት ቢያሠለጥነው በሚደክምበት ቀን የሚደግፈው እጅ አዘጋጀ ማለት ነው። በዕድሜ የገፋ ወላጅ ልጁን ብቻ ሳይሆን ያለ አባት የቀረውን የጎረቤቱን ልጅ ጭምር ቢያስተምር፥ ቤቱ ከሁለት በኩል ምሰሶ ቆመለት። በባዕድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም የፍሬምናጦስን የመጀመሪያ ሥራ ቢያስቡ መልካም ነው፤ በሰው አገር ሳለ አስቀድሞ የፈለገው የተበተኑትን ክርስቲያኖች ነበረና። ዛሬም በስደት ከተሞች አዲስ የመጣውን ተቀብሎ ከማኅበሩ ጋራ የሚያገናኝ ሰው ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በመጨረሻ ዘመኑን እናስብ። አባ ሰላማ ያስጀመረው ሥራ በእርሱ ዕድሜ አላለቀም። ከእርሱ በኋላ ከእስክንድርያ የሚላኩ ጳጳሳት እየተተካኩ ወደ 1600 ዓመት የሚጠጋ ዘመን አለፈ፤ በ1943 ዓ.ም. ብፁዕ አቡነ ባስልዮስ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። አንድ ምርኮኛ ብላቴና ቂሙን ትቶ አንድ ሕፃን በማሳደግ የጀመረው መንገድ እስከዚህ ድረስ ደረሰ። እርሱ ይህን ሁሉ አላየም፤ ሊያይም አልፈለገም። በፊቱ የነበረችውን መበለትና ሕፃን፥ በፊቱ የነበሩትን ጥቂት ነጋዴዎች አየ፤ የሚገባቸውንም አደረገላቸው። የቀረውን እግዚአብሔር ሠራው።

ስለዚህ ከፍ ማለትን የምንወድ ሁላችን ዛሬ በአጠገባችን ያለውን ሰው እንመልከት። ያ ሰው ምናልባት የበደለን ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ከእኛ የሚያንስ፥ ምናልባትም ነገ ከእኛ የሚበልጥ ይሆናል። ከእነዚህ ማናቸውንም ቢሆን እናንሣው፤ ሲቆምም እጃችንን እናንሣለት። እኛን የሚያነሣን እግዚአብሔር ጊዜውን ያውቃል። የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስም ክብር ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፥ አሜን።